ሠላሳ ዘጠኝ ወንበርና አንድ ፔኒ

ስለ አንድ የእንግሊዝ የአካባቢ ምክር ቤት የሚጻፍ ታሪክ ብዙውን ጊዜ ወንበር በመቁጠር ይጀምርና ወንበር በመቁጠር ያልቃል። ሌበር ፓርቲ ስንት አሸነፈ፣ ወግ አጥባቂው ስንት ቀረው፣ የትኛው የምርጫ ቀጠና ከማን እጅ ወጣ፤ ካርታው ቀይና ሰማያዊ ይቀባል፣ አንባቢውም የቦታውን ፖለቲካ ያወቀ ይመስለዋል። ቆጠራው ጥቅም የለውም አልልም። ነገር ግን ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው ሰው ምን ማድረግ እንደሚችል አስቀድሞ የሚወስን ሌላ መስመር አለ። እሱም የግብሩ ድንበር ነው፤ የማን ቤትና ንብረት ለማን ችግር ይከፍላል የሚለው። የእንግሊዝ ቦሮ ምክር ቤት የፖለቲካ ስብጥር ትርጉም የሚያገኘው ከዚህ ድንበር ጋር አብሮ ሲነበብ ነው ብዬ እከራከራለሁ። ዋናው ማስረጃዬ በምሥራቅ ለንደን የሚገኘው ፖፕላርና በ1965 የጠቀለለው ታወር ሃምሌትስ ነው። በዚህ ምዕራፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቦሮ የሚባለው የራሱ የተመረጠ ምክር ቤት ያለው አስተዳደር ነው። ዛሬ ለንደን 32 ቦሮዎች አሏት፤ በስፋት ከሁሉም የሚያንሰው፣ በዕድሜ ግን ሁሉንም የሚያስከነዳው ሲቲ ኦፍ ለንደን ለብቻው ይቆጠራል። ከዋና ከተማይቱ ውጭም ይህን ማዕረግ የያዙ በርካታ ወረዳዎች አሉ። የለንደኖቹ ቦሮዎች ቆሻሻ ያነሳሉ፣ የኪራይ ቤቶችን ያስተዳድራሉ፣ ቤተ መጻሕፍት ይከፍታሉ፣ የአረጋውያንን እንክብካቤና የሕፃናትን ደኅንነት ይሸከማሉ። ሥራው ብዙ ነው፣ ሥልጣኑ ግን የተዋሰው ነው። በእንግሊዝ የአካባቢ አስተዳደርን ከፓርላማ እጅ የሚጠብቅ ሕገ መንግሥታዊ አጥር የለም። በ1899 የወጣው ሕግ ለንደንን በ28 ቦሮዎች ከፈላት፤ የ1963ቱ ሕግ ደግሞ እነዚያኑ 28 ቦሮዎች አጠፋቸው። በ1986 የማርጋሬት ታቸር መንግሥት የለንደንን የጋራ ምክር ቤት በሕግ አፍርሶ ከተማይቱን 14 ዓመት ያህል ያለ አንድ የጋራ አስተዳደር ተዋት። እስከ 2011 ድረስ ምክር ቤቶች ሕግ ያልፈቀደላቸውን ነገር ማድረግ አይችሉም ነበር። ስለዚህ ስለ ምክር ቤት ስናወራ ሌላ አካል ባበጀው ዕቃ ውስጥ ስለሚፈስ ፖለቲካ እያወራን ነው።

ፖፕላር የተቀመጠችው የቴምዝ ወንዝ ከሚጠማዘዝበት የዶግስ ደሴት ጀምሮ በሊ ወንዝ ዳርቻ ወደ ሰሜን ነው። ከ1802 ጀምሮ የዌስት ኢንዲያ ዶክ መርከቦች ስኳርና ሮም ያራግፉባት ነበር። የወደቡ ሥራ የዕለት ሥራ ነበር፤ ጫኝና አውራጁ ጠዋት በር ላይ ተሰልፎ ይጠብቃል፣ አሠሪው ጥቂቱን ጠርቶ ሌላውን ይመልሳል። የተመለሰው ሰው ቤተሰቡን የሚያበላበት ካጣ የሚሄደው ወደ ድሆች ጠባቂ ቦርድ ነው። የእንግሊዝ የድሆች ሕግ ሥር የሰደደ ጉድለት እዚህ ላይ ይገለጣል። እያንዳንዱ አካባቢ የራሱን ድሆች የሚረዳው በዋናነት ከራሱ ነዋሪዎች ከሚሰበስበው የቤት ግብር ነበር፤ ይህ ግብር እንደ እኛው የጣሪያና ግድግዳ ግብር በቤቱ የኪራይ ግምት ላይ ይሰላል። እንግዲህ ደሃ የበዛበት አካባቢ እርዳታ ፈላጊው ብዙ፣ ቤቱም ርካሽ ነው፤ ጎጆ በሞላበት ሠፈር ከፍተኛ ግብር መጣል ማለት ደሃው ራሱ ደሃውን እንዲጦር ማድረግ ማለት ነው። ልዩነቱን ለመረዳት አንድ ቁጥር ይበቃል። በ1921 ገደማ ከእያንዳንዱ ፓውንድ የኪራይ ግምት ላይ አንድ ፔኒ ቢጣል ሀብታሙ ዌስትሚንስተር ወደ 31,700 ፓውንድ ሲያገኝ፣ ፖፕላር የሚያገኘው 3,600 ያህል ብቻ ነበር። ያው ፔኒ በአንዱ ሰፈር ከሌላው ወደ ዘጠኝ እጥፍ ያወጣል። ወንበሩ ላይ ማንም ይቀመጥ ማን፣ ይህ ሒሳብ አይቀየርም።

አሁን ወደ ወንበሮቹ እንምጣ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ምክንያት ለዓመታት ተቋርጦ የነበረው የቦሮ ምርጫ በኖቬምበር 1919 ሲካሄድ ሌበር በፖፕላር ከ42 ወንበሮች 39 ኙን ወሰደ። ፖፕላር ለሠራተኞች ፖለቲካ አዲስ አልነበረችም፤ ዊል ክሩክስ በ1901 ከንቲባዋ ሲሆን በለንደን የመጀመሪያው የሌበር ከንቲባ ነበር። አዲስ የነበረው መራጩ ነው። የ1918ቱ ሕግ ለብዙ ሴቶች ድምፅ ሰጠ፤ ከድሆች ሕግ እርዳታ የተቀበለ ሰው የምርጫ መብቱን የሚያጣበትንም ድንጋጌ ሰረዘ። እስከዚያ ድረስ ሥርዓቱ ጥበቡ የረቀቀ ነበር፤ የእርዳታው ወጪ ጉዳይ በቀጥታ የሚመለከተው ሰው ስለ ወጪው ድምፅ እንዳይሰጥ ይከለከል ነበር። ስለ 39 ኙ ወንበር ግን አንድ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። በየቀጠናው ብዙ አባላት ሲመረጡ መራጩ የወንበሩን ያህል ድምፅ ስላለው፣ በትንሹ የሚመራ ፓርቲ ሁሉንም ጠራርጎ ይወስዳል። የፖፕላር ጎረቤት ኒውሃም በ2010፣ በ2014 እና በ2018 ስልሳውንም ወንበር ለሌበር ሰጥቷል፤ በኒውሃም ሌበርን የማይወድ ሰው አልነበረም ማለት ግን አይደለም። የወንበር ብዛት የሕዝቡን ስሜት አጉልቶ የሚያሳይ መነጽር እንጂ ትክክለኛ ልኩ አይደለም።

አዲሶቹ የምክር ቤት አባላት ጫኝና አውራጆች፣ የባቡር ሠራተኞች፣ የፖስታ ሠራተኞችና የቤት እመቤቶች ነበሩ። ጆርጅ ላንስበሪን ከንቲባ አድርገው ሥራ ጀመሩ። ለምክር ቤቱ ሠራተኞች በሳምንት አራት ፓውንድ ዝቅተኛ ደመወዝ ወሰኑ፤ ሴትና ወንድ እኩል እንዲከፈላቸውም አደረጉ፤ ይህ በ1920 እንግሊዝ ውስጥ ጉድ የሚያሰኝ ነበር። ወዲያው ሥራ አጥነቱ በረታ፣ የእርዳታው ወጪ ናረ፣ ከግብር ድንበሩም ጋር ተላተሙ። ቦሮው ለራሱ ብቻ አይደለም የሚሰበስበው፤ ለለንደን ካውንቲ ምክር ቤት፣ ለፖሊስ፣ ለውኃ ቦርድና ለሆስፒታሎች ቦርድም መዋጮ ሰብስቦ ያስተላልፋል። በማርች 1921 ፖፕላር ለእነዚህ አካላት የሚሄደውን መዋጮ አልሰበስብም አለች። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ። በጁላይ 29 ወደ 2,000 ሰው ከፖፕላር ተነሥቶ ከተመራጮቹ ጋር እስከ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በእግሩ ተጓዘ፤ የሰልፉ መፈክር ምክር ቤቱ ወደ ፍርድ ቤት፣ ምናልባትም ወደ እስር ቤት እየሄደ መሆኑን ይናገር ነበር። ከሴፕቴምበር መጀመሪያ አንሥቶ 30 የምክር ቤት አባላት የፍርድ ቤት ትእዛዝ በመጣስ ታሰሩ፤ 25 ወንዶች በብሪክስተን፣ 5 ሴቶች በሆሎዌይ እስር ቤት። ምክር ቤቱ ግን ስብሰባውን አላቋረጠም፤ ሴቶቹ ከእስር ቤታቸው በመኪና ወደ ብሪክስተን እየመጡ አጀንዳው ይታይ ነበር። የቤትናል ግሪንና የስቴፕኒ ቦሮዎችም እንከተላለን ብለው ወሰኑ። መንግሥት መውጫ ቸገረው። በኦክቶበር 12 እስረኞቹ ተለቀቁ፤ ብዙም ሳይቆይ ፓርላማ ባወጣው ሕግ ከመጠለያ ውጭ የሚሰጠው የድሆች እርዳታ ወጪ በመላው ለንደን የጋራ ፈንድ እንዲሸፈን ተደረገ። በስድስት ሳምንት እስር የግብሩ ድንበር ከፖፕላር አጥር ወደ ለንደን ዳርቻ ተገፋ።

ከታሰሩት አምስት ሴቶች መካከል ሚኒ ላንስበሪ፣ ጁሊያ ስከርና ነፍሰ ጡር የነበረችው ኔሊ ክሬሶል ሲልቪያ ፓንክኸርስት በቦው ባቋቋመችው የሴቶች ፌዴሬሽን ውስጥ ታግለው ነበር። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህች ሲልቪያ እንግዳ አይደለችም። በ1936 ለኢትዮጵያ የሚሟገት ጋዜጣ ያቋቋመችው፣ በ1956 አዲስ አበባ መጥታ የኖረችውና በ1960 አርፋ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል የተቀበረችው እሷው ናት። ፌዴሬሽኗ በምሥራቅ ለንደን ርካሽ ምግብ ቤትና መጫወቻ የሚሠራ ፋብሪካ ከፍቶ ነበር፤ የፖፕላር ሴቶች ወደ ምክር ቤቱ የገቡት በጀት ማውጣትንም ሰልፍ መምራትንም አስቀድመው ለምደው ነው። ሚኒ ላንስበሪ ከእስር ከወጣች ከሦስት ወር ሳትሞላ፣ በጃንዋሪ 1 ቀን 1922 በ32 ዓመቷ ሞተች።

እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሣል። ድንበሩ ነው ወሳኙ ካልክ፣ ከ1919 በፊትም ድንበሩ ያው ነበር፤ የቀድሞው ምክር ቤት ግን አላመፀም። ታሪኩን የለወጡት የተቀየሩት ሰዎች አይደሉም ወይ? ተቃውሞው ግማሽ መንገድ ትክክል ነው። ያለ 39 ኙ ወንበር እምቢታው አይኖርም ነበር። ነገር ግን ወንበሮቹ ምን አስገኙ ብለን እንጠይቅ። ከእምቢታው በፊት በነበሩት አሥራ ስድስት ወራት ገደማ የምክር ቤቱ ፍላጎት ሙሉ፣ ኅብረቱም ጥብቅ ሆኖ ሳለ ኪሱ እየተራቆተ ሄደ። እፎይታው የመጣው ከምክር ቤቱ አዳራሽ አይደለም፤ ከፓርላማ በወጣ ሕግ ነው። አብላጫ ወንበር ድንበሩን በዓይን እንዲታይና እንዲያሳፍር ማድረግ ይችላል፤ ማንቀሳቀስ ግን በሌላ እጅ ነው። የፓርቲ ስብጥርን ዋጋ የምመዝነው በዚህ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከዚያው ከሌበር ቤት የመጣ ነው። የሐክኒ ከንቲባ የነበረው ኸርበርት ሞሪሰን የፖፕላርን መንገድ አጥብቆ ተቃወመ። ሌበር አገር መምራት እንደሚችል ማሳየት ያለበት ሕግ በማክበር ነው፣ ዛሬ እኛ ሕግ ብንጥስ ነገ ሌላው የእኛን ሕግ ይጥሳል የሚል ነበር ክርክሩ። ቀላል ክርክር አይደለም፤ በኋላም ፍሬ አፍርቷል። ሞሪሰን በ1934 ሌበርን የለንደን ካውንቲ ምክር ቤት ባለ አብላጫ አድርጎ ለዓመታት መራ፤ ከፖፕላር እስረኞች ሁሉ ይበልጥ ቤትና ትምህርት ቤት የገነባ እሱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ግን የ1921ዱን ጥያቄ በእሱ መንገድ ለመመለስ መንግሥት ቢፈቅድ ኖሮ ፖፕላር አታምፅም ነበር። ሀብታሙ ቦሮ ለደሃው ያዋጣ የሚለው አቤቱታ ለዓመታት ሲቀርብ ኖሯል፤ ያ ሁሉ ደብዳቤና ልዑካን ያላስገኘውን ሠላሳ እስረኞች በሳምንታት አስገኙት። ሞሪሰን ስለ ሥልጣን አያያዝ ትክክል ነበር፣ ስለዚያ ዓመት ግን ተሳስቷል ብዬ አምናለሁ።

ማዕከላዊው መንግሥትም ዝም አላለም። ደመወዙን አስመልክቶ የመንግሥት ኦዲተር በምክር ቤቱ ላይ ተነሣ፤ የኑሮ ውድነቱ ወርዶ ሳለ አራት ፓውንዱ አለመውረዱ ሕገ ወጥ ነው ብሎ 5,000 ፓውንድ ከአባላቱ ከግል ኪሳቸው እንዲተካ ወሰነ። ሕጉ ምክር ቤቱ ተገቢ ነው ብሎ ያመነበትን ደመወዝ ይክፈል ይል ነበር። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ይህን አንብቦ ለፖፕላር ፈረደ። በ1925 ግን የጌቶች ምክር ቤት ዳኞች ውሳኔውን ገለበጡት፤ ተገቢ ብሎ ማመን ማለት እንዳሻ መወሰን አይደለም፣ ግብር ከፋዩን ማሰብ ያስፈልጋል አሉ። ከዳኞቹ አንዱ የሴትና የወንድን እኩል ክፍያ ወጣ ያለ የሶሻሊስት በጎ አድራጎትና የሴቶች መብት ምኞት ውጤት አድርጎ አጣጣለው። መራጩ የመረጠው ደመወዝ ነው የሚለው ክርክር ሚዛን አልደፋም።

ይህን ያነበበ ሰው ሕጉ ለሀብታም ያደላ ነበር ብሎ ቢደመድም አይፈረድበትም፤ ብዙ የግራ ጸሐፊዎችም እንዲሁ ይላሉ። እኔ ግን ሙሉ በሙሉ አልቀበለውም። ያው ከኪስ የማስከፈል ሥልጣን በ1980ዎቹ የታቸርን የግብር ጣሪያ የተቃወሙትን የሊቨርፑልና የላምቤት ሌበሮች እንደ መታ ሁሉ፣ የወግ አጥባቂዋን የዌስትሚንስተር መሪ ሸርሊ ፖርተርንም መቷል። በ1986 ምርጫ ወንበራቸው የተነቃነቀው የዌስትሚንስተር ወግ አጥባቂዎች በስምንት አጠራጣሪ ቀጠናዎች የምክር ቤቱን የኪራይ ቤቶች ለአዲስ ገዥዎች እየሸጡ መራጩን ለመቀየር ሞከሩ። ጉዳዩ ለዓመታት ተንከባልሎ በ2001 ያው የጌቶች ምክር ቤት ወደ 27 ሚሊዮን ፓውንድ የሚጠጋውን ዕዳ አጸናባት፤ በመጨረሻ በ2004 በ12.3 ሚሊዮን ተስማማች። ሕጉ የፓርቲ ቀለም አይለይም ማለት ይቻላል። የሚለየው ሌላ ነገር ነው፤ በማዕከሉ የተሰመረውን መስመር ያለፈ አካባቢያዊ ሥልጣንን፣ ለምን ዓላማ አለፈው ሳይል። ደሃን ለማብላትም ሆነ ድምፅ ለማብዛት ሚዛኑ አንድ ነው። ይህ ሥልጣን በ2000 በወጣ ሕግ ቀርቷል።

የፖፕላር ሰዎች ኋላ የት ደረሱ ብሎ ለሚጠይቅ፣ ላንስበሪ በ1932 የሌበር ፓርቲ መሪ ሆነ። ከመሪነቱ የወረደውም በእኛ ጉዳይ ነው። ጣልያን ኢትዮጵያን ልትወር ስትዘጋጅ ፓርቲው ማዕቀብን፣ ካስፈለገም ኃይልን ሲደግፍ፣ ጦርነትን በማናቸውም መልኩ የሚጠላው ላንስበሪ አልተስማማም፤ በብራይተን ጉባኤ የሠራተኛ ማኅበራቱ መሪ ኧርነስት ቤቪን ክፉኛ አብጠለጠለው፤ ወረራው በጀመረበት በኦክቶበር 1935 ሥልጣኑን ለቀቀ። የተካው ክሌመንት አትሊ ነው፤ ላንስበሪ ፖፕላርን በከንቲባነት በሚመራበት ዓመት የጎረቤት ስቴፕኒ ከንቲባ የነበረው። አትሊ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኖ በ1948 የድሆች ሕግን ርዝራዥ አጠፋ፤ ችግረኛን መርዳትን የአገር አቀፉ መንግሥት ሥራ አደረገው። በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ ሕግ ደግሞ የግብር አቅማቸው ከአገሪቱ አማካይ በታች ለሆነ ምክር ቤቶች ከግምጃ ቤት ማመጣጠኛ ድጎማ ፈቀደ። ፖፕላር በ1921 የጠየቀችው በ27 ዓመቱ ከጠየቀችው በላይ ሆኖ ተፈጸመ። ድንበሩ አሁን ለንደን ሳይሆን አገሪቱ ሆነ። ዋጋውም አብሮ መጣ፤ ድጎማ የሚያከፋፍል እጅ ድጎማ መቁረጥም ይችላል፣ ቀመሩንም የሚጽፈው እሱ ነው።

በ1965 ፖፕላር፣ ስቴፕኒና ቤትናል ግሪን ተዋሕደው ታወር ሃምሌትስ ሆኑ። ወንበሮቹ ለሃያ ዓመታት በሌበር እጅ ቆዩ፤ ያ ዘመን ስለ ምርጫ ብዙ የሚነገርበት አይደለም። የሚነገረው በምድሪቱ ላይ የሆነው ነው። የኮንቴይነር መርከቦች ሲመጡ ወደቡ ወደ ቴምዝ አፍ ወረደ፤ የዌስት ኢንዲያና የሚልዎል ዶኮች በ1980 ተዘጉ። በቀጣዩ ዓመት የታቸር መንግሥት የለንደን ዶክላንድስ ልማት ኮርፖሬሽንን አቋቁሞ የዶግስ ደሴትን የግንባታ ፈቃድ ሥልጣን ከምክር ቤቱ ወስዶ ሰጠው። የኮርፖሬሽኑን ቦርድ ማንም አልመረጠውም። ለድርጅቶችም የአሥር ዓመት የቤት ግብር ነፃነት ተፈቀደ። ከዚያ የካናሪ ዎርፍ ማማዎች በቀሉ፤ ድሮ ጫኝና አውራጅ ይሰለፍበት በነበረው ቦታ የዓለም ትልልቅ ባንኮች ቢሮ ከፈቱ። አንድ ፔኒ ብዙ የምታወጣበት መሬት በአንዲት ትውልድ ዕድሜ ፖፕላር ውስጥ ተፈጠረ ማለት ነው። ግን በ1990 የንግድ ቤቶች ግብር አገር አቀፍ ተደረገ፤ መጠኑን መንግሥት ይወስናል፣ ምክር ቤቱ ሰብስቦ ወደ ጋራ ቋት ያስገባል፣ ከቋቱም በቀመር ይካፈላል። ከ2013 ወዲህ ከፊሉ ለአካባቢው ይቀራል፤ ስንት ይቅር የሚለው አሁንም የማዕከሉ ውሳኔ ነው። በማማዎቹ ጥላ ሥር ያሉት ሰፈሮች የሕፃናት ድህነት ከአገሪቱ እጅግ ከፍተኛ ከሚባሉት ውስጥ ሆኖ ቀጥሏል። የሀብታሙ መሬት ለሌላው ያዋጣ የሚለው የ1921 መርህ እዚህ መፈጸሙን አልክድም፤ የምለው መርሁን ያስፈጸመው ቁልፍ ከጠያቂዎቹ እጅ ወጥቶ መቅረቱን ነው።

ኪስ የሌለው ምክር ቤት ፖለቲካው ወዴት እንደሚሄድ ከ1986 እስከ 1994 የሆነው ያሳያል። ሊበራሎች ሌበርን አሸንፈው ታወር ሃምሌትስን በሰባት ንኡስ አስተዳደሮች ከፋፈሉት። ሐሳቡ ሥልጣንን ወደ ሕዝቡ ማቅረብ ነበር፤ የቀረበው ግን እጥረቱ ነው። አዲስ ቤት መሥራት በመንግሥት ገደብ ታንቆ ሳለ ያሉትን ጥቂት ቤቶች ማን ይውሰድ የሚለው ጥያቄ በነባር ነጮችና ከባንግላዴሽ በመጡት ቤተሰቦች መካከል ጠብ ሆነ። በሴፕቴምበር 1993 በሚልዎል ቀጠና በተደረገ የማሟያ ምርጫ ቢ.ኤን.ፒ የተባለው ዘረኛ ፓርቲ ዕጩ በ7 ድምፅ ብልጫ አሸነፈ። በቀጣዩ ሜይ ድምፁ ጨምሮ እንኳ ወንበሩን አጣ፤ የቀረው መራጭ በነቂስ ወጥቶ ነበርና። ዘረኝነትን ሁሉ በቤት እጥረት አላመካኝም። ነገር ግን ሰባት ድምፅ የሚያህል ልዩነት ከየት ሊመጣ እንደሚችል ለማወቅ ቤት ለማግኘት ተራ የሚጠብቁትን ሰዎች መዝገብ ማየት ይበቃል።

ከ2010 ወዲህ ያለው ታሪክ ለእኔ ክርክር ከሁሉ የከበደው ፈተና ነው። ሕዝበ ውሳኔ በቀጥታ የሚመረጥ ከንቲባ እንዲኖር ፈቀደ፤ ሌበር ከዕጩነት ያነሣው ሉትፉር ራህማን በግሉ ተወዳድሮ አሸነፈ፣ በ2014ም ደገመው። በኤፕሪል 2015 የምርጫ ችሎት የሙስናና የሕገ ወጥ ድርጊት ጥፋተኛ ብሎት ምርጫውን ሰረዘ፣ ለአምስት ዓመትም ከምርጫ አገደው፤ የወንጀል ክስ ግን አልተመሠረተበትም። ከዚያ በፊት መንግሥት ኮሚሽነሮችን ልኮ የድጎማ ገንዘብ አሰጣጡን ከእጁ ወስዶ ነበር። እዚህ ላይ ተቺው ‹‹አየህ፣ አካባቢው እንዲህ ከሆነ የማዕከሉ ሰይፍ ያስፈልጋል›› ይላል። እስማማለሁ፤ የምርጫ ማጭበርበርን የሚያይ ችሎት የሌለበት የአካባቢ ነፃነት የጉልበተኛ ነፃነት ነው። ችሎቱን የጠሩት አራት የአካባቢው መራጮች መሆናቸውም መዘንጋት የለበትም። ግን ቀጥሎ የሆነውን እንይ። እገዳው አልቆ በ2022 ራህማን እንደገና ከንቲባ ሆነ፤ አስፓየር የተባለው ፓርቲውም ከ45 ወንበሮች 24ቱን ያዘ፤ ሌበር 19፣ ወግ አጥባቂዎችና አረንጓዴዎች አንድ አንድ። ከድሉ በኋላ እስከ 16 ዓመት ላሉ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ሁሉ ነፃ ምሳ ሰጠ። በጃንዋሪ 2025 ደግሞ መንግሥት በአስተዳደሩ ላይ ቅሬታ ካቀረበ ምርመራ በኋላ እንደገና ልዑካን ሰየመ። ፍርድ፣ ኮሚሽነር፣ ልዑክ፤ የማዕከሉ ሰይፍ ሰውየውን ማንሳት ችሏል። መራጩ የሚፈልገውን ነገር የሚሰጥ ሌላ ሰው እንዲገኝ ማድረግ ግን አልቻለም፤ ያ ገንዘብ ይጠይቃልና። ብሔራዊው የኦዲት መሥሪያ ቤት በ2018 እንዳሰላው፣ ከ2010 ወዲህ ለእንግሊዝ ምክር ቤቶች ከመንግሥት ይሰጥ የነበረው ገንዘብ በእውነተኛ ዋጋው 49 በመቶ ወርዷል። በድጎማ የሚኖረው ደሃ ቦሮ ከሁሉ ይበልጥ ተጎዳ።

ድንበሩ ሁሉንም ያብራራል ማለት ግን አልችልም፤ ዎኪንግ ይመልሰኛል። በሰሪ ካውንቲ ያለው ይህ ቦሮ ደሃ አይደለም። በወግ አጥባቂዎች ዘመን ምክር ቤቱ ለሆቴልና ለረጃጅም ሕንፃዎች ከመንግሥት ብድር ወሰደ፣ ደጋግሞም ወሰደ፤ በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የተባለው በርግጥም ለዎኪንግ ነው። በ2022 ሊበራል ዴሞክራቶች ሥልጣን ያዙ፤ በጁን 2023 ምክር ቤቱ ወጪዬን መሸፈን አልችልም ብሎ አወጀ። ዕዳው 2.6 ቢሊዮን ፓውንድ ይደርሳል ተብሎ ይጠበቅ ነበር። በ2024 ምርጫ ወግ አጥባቂዎቹ አንድ ወንበር እንኳ አላገኙም፤ ቅጣቱ የተሟላ ነበር፣ ዕዳው ግን ከወንበሩ ጋር አልሄደም። ከዚህ የምወስደው ማስተካከያ ይህ ነው፤ አብላጫ ወንበር ብዙ ማበላሸት ይችላል፣ በዚያው መጠን ግን ማቃናት አይችልም። በኋላ የመጡት የዎኪንግ ተመራጮች የሕዝብ አገልግሎት የቆረጡት በመርሐ ግብራቸው ጽፈውት አይደለም።

ምክር ቤት ገቢውን ራሱ ያሳድግ ቢባልስ? ዛሬ በእጁ የቀረው ዋና ግብር የቤት ነዋሪው ግብር ነው፤ አብዛኞቹ ትልልቅ ምክር ቤቶች በዓመት ከ5 በመቶ ገደማ በላይ ለመጨመር ሕዝበ ውሳኔ መጥራት አለባቸው። የቤቱ ደረጃም የሚወሰነው በኤፕሪል 1991 ዋጋው ነው። ከፍተኛው እርከን የሚጀምረው በዚያን ጊዜ ከ320,000 ፓውንድ በላይ ከሚያወጣ ቤት ነው፤ የሚከፍለውም ከመካከለኛው እርከን እጥፍ ብቻ ነው፣ ቤቱ ቤተ መንግሥት ቢያህልም። የዌስትሚንስተር ነዋሪ የሚከፍለው ግብር ዛሬም ከአገሪቱ ዝቅተኛ ከሚባሉት ነው። ዌልስ በ2005 አዲስ ምዘና ሥራ ላይ ስታውል ብዙ ቤቶች ወደ ላይኛው እርከን ተሻገሩ፣ ባለቤቶቹም ጮኹ፤ ለእንግሊዝ በ2007 ታቅዶ የነበረውን ምዘና ማዕከላዊው መንግሥት በዚያው በ2005 አራዘመው፤ ከዚያ ወዲህ የመጣ መንግሥት ሁሉ አልነካውም። ስለዚህ በቅርብ ዓመታት በዶግስ ደሴት ላይ የተሠራ የአርባ ፎቅ አፓርታማ ግብሩ ሲተመን ገማቹ የሚጠይቀው ጥያቄ ይህ ነው፦ ሕንፃው በ1991 ኖሮ ቢሆን ኖሮ ስንት ይሸጥ ነበር?